ነጩ መጋረጃ ላይ የቀረችው ነጥብ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ሐያት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና አንድ ሥዕል አሳየችኝ። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ የነጠብጣብ መስመር ነው፤ መሐል ላይ ሲደርስ ዝቅ ይልና ተመልሶ ይነሣል።

«አዳዳ፣ ይኼ የአንድ ሩቅ ኮከብ ብርሃን ነው» አለችኝ፤ አዳዳ የምትለኝ አክስቷ ስለሆንኩ ነው። «እዚህ ጋ የቀነሰው ፕላኔቷ ፊቱን አቋርጣ ስላለፈች ነው። ራሷን ፕላኔቷን ያያት ሰው የለም፤ መኖሯ በዚህ ታወቀ።»

ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትማረው ይህንኑ ነው። እሷ በደስታ ታወራለች፣ እኔን ግን ብርድ ብርድ አለኝ። ድሮም ፈሪ ነኝ፤ ለዚህኛው ፍርሃቴ ግን ምክንያት አለኝ።

ጊዜው 1996 ዓ.ም. ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ ቤታችንን ቀጥ አድርጎ የያዘው ታላቅ ወንድሜ፣ የሐያት አባት ጀማል ነበር። በከተማችን ሮቤ፣ ገበያው አጠገብ ከአባታችን የወረሳት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችው፤ እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ከጎኑ እሠራ ነበር። ጀማል ፎቶ ሲያነሣ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ቀኙን ካሜራው ላይ ይለጥፋል፤ አፉ ደግሞ ሳያውቀው ይከፈታል። «ዝንብ ይገባብሃል» እያልኩ እስቅበት ነበር። እናታችን፣ እኔና ትንንሾቹ የምንበላው በዚያች በቀኝ ዓይኑ ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የፊዚክስ መምህሩ ጋሽ ታደሰ ጉርድ ፎቶ ሊነሡ መጥተው አዲስ ወሬ ነገሩን። ቬነስ በፀሐይ ፊት ልታልፍ ነው፤ በሕይወት ካለ ሰው ይህን ያየ የለም።

«በሌሎች ኮከቦች ዙሪያ ያሉትን ፕላኔቶችም ሳይንቲስቶች የሚያገኟቸው እንዲሁ ነው» አሉ። «ኮከቡ ለጥቂት ጊዜ ደብዘዝ ሲል ይጠብቃሉ። እኔ የፀሐይዋን ምስል ወረቀት ላይ አሳርፌ ለተማሪዎቼ አሳያለሁ። እናንተም ኑ፤ ቀና ብላችሁ ግን እንዳታዩ።»

ጀማል ግን ፎቶዋን ማንሣት ፈለገ። ፎቶ ቤት ያደገ ሰው ፀሐይን ለማየት ፊልም ይበቃል ብሎ ያምናል። አባታችን በግርዶሽ ጊዜ የጠቆረ ፊልም እየቆራረጠ ለሰፈሩ ያድል ነበር፤ ተጎዳ የተባለ ሰውም አልሰማንም። የአባታችን ፊልም ግን ጥቁርና ነጭ ነበር። ጀማል ያገኘው ብርሃን ገብቶበት የተበላሸ፣ ሻሸመኔ ታጥቦ የመጣ ባለቀለም ፊልም ነው። አጥፎ ደራረበውና «ይኼ እንዲያውም ይበልጣል፤ ፀሐይዋን ቀላ አድርጎ ያሳምራታል» አለኝ።

ሰኔ የገባ ዕለት ደመናው ተራራው ላይ ብቻ ቀርቶ ሰማዩ ተከፍቶ ነበር። ሌሊቱን ስለዘነበ ጓሯችን ጭቃ ነው፤ እርጥብ የገብስ ማሳ ይሸታል። እናታችን ቁርሳችንን ጭኮ ቋጥራልን ነበር፤ ቅቤው ገና ጣቴ ላይ ነው። ጀማል ፊልሙን ረጅሙ ሌንስ ላይ አስሮ ካሜራውን ወደ ፀሐይ አዞረ።

«ሙኒ፣ ነይ እዪያት!»

ለአፍታ አየሁ። ቀላ ባለ ድፎ ዳቦ ላይ የወደቀች ጥቁር አዝሙድ ትመስላለች። ወዲያው ገፋ አደረገኝና ዓይኑን መልሶ ለጠፈ። «አልጠራችም» ይላል፤ ሌንሱን ያዞራል፤ ደግሞ ያያል። ቢያመው ኖሮ ይተወው ነበር። አላመመውም።

ጋሽ ታደሰ ሊጠሩን ሲመጡ ዓይናቸው ፊልሙ ላይ አረፈ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ባለቀለም ነው? ጀማል፣ ዞር በል ከዚያ! ይኼ እንደ ጥቁርና ነጩ ፊልም የብር ማዕድን የለበትም፤ የሚታየውን ብርሃን እንጂ ግለቱን አይከልልም። ዓይን ደግሞ ውስጡ ሲቃጠል አይታወቀውም።»

«ዋላሂ ጋሼ፣ ምንም አላመመኝም» ብሎ ሳቀ።

«ግባና ነጩን መጋረጃ እየው።»

ጉርድ ፎቶ የምናነሣበት ነጭ መጋረጃ ነበረን። ጀማል ፊቱ ቆመና ግራ ዓይኑን ጨፈነ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«እዚህም አለች» አለ።

ጋሽ ታደሰ ቀስ ብለው አስረዱን። ከፀሐይዋ ጋር የምትቀር ነጥብ የፕላኔቷ ናት፤ ባዩበት ሁሉ የምትከተል ግን የዓይን ናት። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

«ለአዴ እንዳትነግሪ» አለኝ ጀማል፣ እናታችንን ማለቱ ነው። «ሂን ሶዳቲን።» አትፍሪ እያለኝ ቀኝ ዓይኑን ደጋግሞ ያሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሳንከፍት መጋረጃው ፊት ይቆማል፤ እኔ ከኋላው ቆሜ ትከሻውን አያለሁ። «ዛሬስ?» እለዋለሁ። «አለች።» ግራውም ቢከተልስ እያልኩ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

ጎባ ሆስፒታል ሄድን። የመረመረችው ባለሙያ መድኃኒት እንደሌለው፣ በጊዜ ሊቀንስ እንደሚችል፣ ላይቀንስም እንደሚችል ነገረችን። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ የመንገዱን ታፔላ ሁሉ እያነበበ ያሰማኝ ጀመር። ደስ ሊለኝ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የጎባና የሮቤን መንገድ በቃሉ ነው የሚያውቀው። ፊት ለፊታችን ከሪራ መንደር ማር ይዛ የመጣች ሴት ተቀምጣለች።

«እሷን እያት እስቲ» አልኩት በሹክሹክታ።

ግራ ዓይኑን እንደሸፈነ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «ሻሿ አለ» አለ። «ጉትቻዋ አለ። ፊቷ የለም።»

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። የሰው ፊት በማንሣት ለሚኖር ሰው ከዚህ የባሰ ምን ይመጣበታል? ሴትዮዋ እንባዬን እንዳታይ ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ማሳው ሁሉ አረንጓዴ ነበር።

ጀማል ፎቶ ማንሣቱን አልተወም። በግራ ዓይኑ እስኪለምድ ድረስ ስንት የሠርግ ፎቶ ደበዘዘብን! ፎከሱን እኔ አስተካክልለት ነበር፤ ደንበኞቹ ሙያ የሚያስተምረኝ ይመስላቸዋል። ነጥቧ በወራት ውስጥ አነሰች፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልቀነሰችም።

ባለፈው ሳምንት ሥዕሉን ስታሳየኝ ይህን ሁሉ አስታውሼ ሐያትን ጠየቅኳት። «ኮከቡ ይሁን የደበዘዘው መሣሪያው ይሁን የታመመው፣ በምን ያውቃሉ?»

«በዚያው መሣሪያ ሌሎች ኮከቦችንም ያያሉ» አለች። «እነሱም አብረው ከደበዘዙ ችግሩ ከመሣሪያው ነው።»

ጀማል ጥግ ተቀምጦ ይሰማ ነበር፤ ጢሙ ሸብቷል። ማንም ሳይጠይቀው ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳውን አየ።

«ዛሬስ?» አልኩት።

«አለች» አለ። ከዚያ የልጁን የሐያትን ፊት ለማየት ግራ ዓይኑን ከፈተ።