ከአጎቴ ጋር የሚከራከረው ጎረቤት

አጎቴ በስደት በምንኖርበት ሌክ ሲቲ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ከነጩ ጎረቤታችን ጋር ስለ ምርጫ ሳይከራከሩ አይውሉም ነበር። ሰውዬው ደጁ ላይ እሳቸው የማይወዱትን ፓርቲ የምርጫ ሰሌዳ ስለሚተክል፣ እኔ ፈርቼ ከመስኮቱ ኋላ ሆኜ ነበር የምሰማው። አንድ ቀን እንዲህ አላቸው፦

«እነዚያን የምትመርጠው ጥቁር ስለሆንክ ነው አይደል?»

በቃ ተጣሉ ብዬ ተነሣሁ። አጎቴ ግን ቀስ ብለው፣ «አንተስ እነዚህን የምትመርጠው ነጭ ስለሆንክ ነው?» አሉት።

ሰውዬው ወደ ሰሌዳው ዞር ብሎ አየና፣ «ትንሽ ሳይኖርበት አይቀርም» አለ።

«የኔም ትንሽ አለበት» አሉት። «ነገም ና፣ እንጨርሰዋለን።»

አልጨረሱትም፤ ለዓመታት መጣ።

አጎቴን ከቀበርን ወዲህ ያ ሰው ሁለተኛ ደጃችንን አይረግጥም፣ እንደ ባዳ ተያይተን መቅረታችን ነው ብዬ ስሰጋ ከረምኩ። ትናንት ግን መጥቶ በረንዳው ሥር ቆመና፣ «አሁን ከማን ጋር ልከራከር?» አለኝ።

«እኔ እንደሳቸው አልችልበትም» አልኩት፤ «ግን ግባ፣ ተቀመጥ።»

እሱ በወትሮው ቦታው፣ እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። የአጎቴን ወንበር ማናችንም አልነካነው። ትከሻዬ ላይ የነበረው ሸክም ሲወርድልኝ ተሰማኝ።

አጎቴ፣ እፎይ ብለው ይረፉ። ሰውዬው ዛሬም መጥቷል።