ለክሪኬት ተጫዋቾች «ኖር!» የሚሉት አያቴ

አያቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጡ ጀምሮ ብቻቸውን ከአፓርታማው ወጥተው አያውቁም። መኪና የለ፣ ቋንቋ የለ፤ እኛም ቀኑን ሙሉ ሥራ ነን።

አንድ ሰመር የህንድ ክሪኬት ቡድን እንግሊዝ ሄዶ ሲጫወት በኬብል ማየት ጀመሩ። አንዱ ግጥሚያ አምስት ቀን ስለሚፈጅ ወደዱት። ኳሱን በዱላ የሚመታው ወጥቶ ሌላው ሜዳ በገባ ቁጥር ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከሶፋው ብድግ ይላሉ፤ «ኖር!»

«አባባ፣ ቲቪ እኮ ነው!» አልኳቸው ኦፍ በሆንኩበት ቀን።

«አውቃለሁ። ታዲያ ለማን ልነሳ? እዚህ ቤት ሌላ ሰው መቼ ገብቶ ያውቃል?»

ባረፉ ማግስት ከአካባቢው ከተሞች፣ ከሎረል፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ስልክ እንኳ ደውሎ የማያውቅ ሁሉ መጣ። ሶፋቸው ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ።

አባባ፣ ይኸው ሰው መጣልዎት፤ የሚነሳለት ግን ጠፋ።