የሰዒድን የምርመራ ውጤት ልንሰማ የወረድንበት ቀን

ማክሰኞ ጠዋት ከባለቤቴ ከሰዒድ ጋር ከቀጨኔ የወጣነው መሃል ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ለመሄድ ነበር። ከጀርባውና ከጭኑ የተቆረጠው ቆዳ፣ ከደሙ ጋር ወደ ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ መጥቷል ተብለናል። ሰውነቱ ላይ ቀያይ ነገር ወጥቶ ለዓመታት ሲያሳክከው ኖሯል። ችፌ ነው ተብሎ ያልተቀባው ቅባት የለም። የቆዳ ሐኪሟ "የደም ካንሰር ዘመድ የሆነ በሽታ እንዳይሆን እንመርምር" ካለችው ወዲህ ግን ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፎ ለብቻው ይተኛል። "እንዳላስተላልፍብሽ" ይለኛል። ለምኜው እምቢ አለ።

ዝናቡ ሲጥል አድሮ ቁልቁለቱ ጭቃ ነው። ክንዱን ልይዝ ስል ሸሸኝ፤ አጥር እየተደገፍኩ ወረድኩ።

አዲሱ ገበያ ያለችውን የጨርቅ ሱቃችንን ለጎረቤት አደራ ብለን ታክሲ ተሳፈርን። ጎመን በጆንያ የያዙ አንዲት እናት አጠገባችን ተቀመጡ። ሰዒድ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል።

"ልጄ፣ ወደ ሚስትህ ጠጋ በል እንጂ፤ ጎመኔን ላሳርፍበት" አሉት።

ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን ወደ ውጭ አየ።

እኩለ ቀን፣ ሆስፒታል

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኛ አስጠጋች።

"ቲ ሴል የሚባሉ ሰውነታችንን የሚጠብቁ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። እያንዳንዱ ሴል ባዕድ ነገር የሚለይበት ተቀባይ አለው፤ ተቀባዩ እንደ ሰው መልክ ይለያያል። ችፌ ቢሆን ብዙ ዓይነት መልክ እንጠብቅ ነበር። እርስዎ ቆዳ ላይ የበዙት ግን ባለ አንድ መልክ ናቸው፤ ከአንድ ሴል የተባዙ።"

"ካንሰር ነው ማለት ነው?" አለ ሰዒድ።

"ይሄ ምርመራ ብቻውን አይፈርድም። ግን ሁለቱም ቦታ ላይ ያው መልክ ነው የተገኘው፤ በማይክሮስኮፕ ካየነውም ጋር ይገጥማል። አዎ፣ ካንሰር ነው፤ የቆዳ ሊምፎማ ይባላል። ደምዎ ውስጥ አልታየም። ገና ጅምር ነው፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት። በቅባትና በብርሃን ሕክምና እንይዘዋለን፤ ክትትሉ ግን ረጅም ነው።"

እንባዬን ስታገል፣ እሱ የጠየቀው ስለ ሞት አልነበረም።

"ዶክተር፣ እሷ ላይ ይተላለፋል?"

"በፍጹም። አብረው ቢበሉ፣ ቢተቃቀፉ፣ አይተላለፍም።"

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ባሌ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከሰዓት

አዲሱ ገበያ ስንመለስ ቃሪያ የበዛበት ፉል ከአንድ ሳህን በላን። "ቤት ገና አንግባ" ስላለኝ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወጣን። መንገዱ ርጥብ ነው፤ ጥዶቹ ነፋስ በነካቸው ቁጥር ውሃ ያራግፉብናል። ዳገቱ ላይ እጄን እሱ ራሱ ያዘኝ።

"ፈርቻለሁ" አለኝ።

"እኔም።"

ጠዋት ስወጣ "ምንም አይደለም" የሚል ቃል ልስማ ብዬ ነበር የጸለይኩት። ያንን አልሰማሁም። ግን ፍርሃት ለየብቻ ሲሸሸግ እንደሚከብድ፣ ስም ሲያገኝና ሲያወሩት እንደሚቀል ያን ቀን አወቅሁ።

ቤት ስንደርስ አማቴ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ሰዒድ ራሱ ነገራቸው።

"እማ፣ ካንሰር ነው፤ የቆዳ። ግን ይታከማል። እኔና እሷ ትንሽ ፈርተናል።"

እሳቸው ጎንበስ ብለው ከጫማው ላይ ጭቃውን እያራገፉ፣ "በሉ ግቡ" አሉ። "እንግዲህ ሦስት ሆነን እንፍራው።"