በሩን አትዝጊው

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ስንጠጣ፣ አዊኛ የማያውቁ ባልደረቦቼ «አንቺ ግን በየትኛው ነው የምታስቢው?» እያሉ ይነዘንዙኝ ነበር። «ለደመወዜ በአማርኛ፣ ለሆዴ በአዊኛ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እውነት ይመስለኝ ነበር።

እናቴ የመጨረሻ ወራቷን ያሳለፈችው እንጅባራ፣ እኔ ቤት ነው። ሕመሙ ሲጠናባት ከዘንገና ያመጣኋት እኔ ነኝ። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነበር፤ ድንች ለመሸጥና ከገዥ ጋር ለመከራከር ይበቃታል እንጂ ሕመሟን አትነግርበትም። ከእኔ ጋር የምናወራው በአዊኛ ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተማሪ ቤት በአማርኛ ስጮህ ውዬ፣ ማታ ከልጆቼ ጋር በአማርኛ ተጨቃጭቄ፣ አልጋዋ አጠገብ ስቀመጥ አንደበቴ በራሱ ጊዜ ይመለስ ነበር።

ያረፈች ጧት አብሬያት የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ዝናቡ ወደ ቤት ሲገባ በሩን ልዘጋ ተነሳሁ። ያን ጊዜ ተናገረች። በሩን እንዳልዘጋው፣ እህቴ እየመጣች እንደሆነ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣትም። ታላቅ እህቴ በእርግጥም ከጫግኒ ተነስታ መንገድ ላይ ነበረች። ሚኒባሱ ሲያደርሳት ግን ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር።

ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም «ምን ብላ አረፈች?» ይለኛል። «‹በሩን አትዝጊው፣ እህትሽ እየመጣች ነው› አለች» እላለሁ። ለመጣው ሁሉ ደገምኩት። በአማርኛ ነው የነገርኳቸው፤ ታዲያ በምን ልነግራቸው ኖሯል?

ለአርባዋ ዘንገና ስንሄድ እህቴ እጄን ይዛ ከእናታችን ቤት ጓሮ፣ ለከሰል የተተከሉት ዛፎች ሥር ወሰደችኝ። እንደ ወትሮው በአዊኛ ነው የጠየቀችኝ፤ ይኸው እሱንም አሁን በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

«እንዴት ብላ አለች? በራሷ አፍ ንገሪኝ። እሷ እኮ አንድ ቀን ‹እህትሽ› ብላኝ አታውቅም።»

እውነቷን ነው። እናታችን ለእሷ ያወጣችላት፣ ከእናታችን በቀር ማንም የማይጠራት የቁልምጫ ስም ነበራት። እህቴ ማወቅ የፈለገችው ያንን ነው፤ በመጨረሻዋ ሰዓት በዚያ ስም ጠርታት እንደሆነ።

አፌን ከፈትኩ። ብርድ ልብሱ ይታየኛል፣ የረጠበው ደጃፍ ይታየኛል፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ድምፁም የእሷው ነው። ግን «እህትሽ እየመጣች ነው» ይላል፤ እናቴ በሕይወቷ ተናግራው በማታውቀው ጥርት ያለ የትምህርት ቤት አማርኛ። ደነገጥኩ። ሌላ ነገሯን ፈለግሁ። ለትምህርት ወደ ዳንግላ ስትሸኘኝ ያለችኝን፣ ጥጃ ሳስጠባ ከላሟ መለየት ይዘነጋኝ ስለነበር ስትቆጣኝ የምትለውን። ሁሉም በአማርኛ መጣ። ለሆዴ ያልኩት አዊኛ ሆዴ ውስጥ አልነበረም።

እህቴ ልትረዳኝ ሞከረች። ዐረፍተ ነገሩን በአዊኛ አንዴ ከነስሟ፣ አንዴ ያለ ስሟ፣ እያገላበጠች ትለዋለች። «ይኼ ነው? ይኼስ?» ሁሉም ይገባኛል። ሁሉም እናታችን ልትለው የምትችለው ነው። «አዎ፣ ይኼ ነው» ብዬ ልገላግላት ፈልጌ ነበር፤ ፊቴን ግን አሳምራ ታውቀዋለች።

ነጠላዋን አስተካከለችና በዚያ በሚንተባተብ አማርኛዋ «ይሁን፣ ተይው በቃ። እንግባ፣ ሰው ይጠብቀናል» አለችኝ።

ከተወለድኩ ጀምሮ በአማርኛ አናግራኝ አታውቅም ነበር።

አሁን ስትደውልልኝ በአማርኛ ነው። እኔ በአዊኛ እመልስላታለሁ። ቃል ፈልጋ፣ በአማርኛ ትቀጥላለች።