ወደ ስፌት መኪናው የዞረ ልጅ

ሞጣ ላይ ልብስ ሰፊውን አስናቀውን የማያውቅ ካለ እንግዳ መሆን አለበት። ሜትሩን አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል እንጂ ብዙም አይለካበትም፤ ሰው በበሩ ሲገባ በዓይኑ ለክቶ ይጨርሳል። «ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ወገብህ ሁለት ጣት ጨምሯል» ይላል፣ ገና ሰላምታ ሳይሰጥ።

እሱና ባለቤቱ ወይንእሸት፣ የቢቸና ልጅ ናት፣ ልጅ ሲጠብቁ ብዙ ዓመት ቆዩ። የኔሰው የተወለደው በ2007 ዓ.ም. ነው። እናት ቁልፍ ስትተክል፣ አባት ፔዳል ሲረግጥ፣ እሱ ሱቁ ጥግ ካለው መደብ ላይ ተንጋሎ ይውላል። የስፌት መኪናው ድምፅ ደስ ስለሚለው ፊቱን ወደዚያው አዙሮ ዝም ነው። «እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ!» ይላል የገባ ደንበኛ ሁሉ።

አራት ወር ሲሞላው አባትየው ቆብ ሰፋለት። ቆቡ ወደ አንድ ጎን ተንሸራተተ። ፈትቶ ሰፋው፤ አሁንም ተንጋደደ። እንደገና ሲተረትረው ከጎኑ ጫማ የሚሸጠው ደምለው ብቅ አለ።

«አስናቀው፣ ቆብ አቃተህ? በል ና፣ ጫማ አብረን እንሽጥ።»

«ጨርቁ ነው፣ አንተ!»

ወይንእሸት ልጁን አንስታ ከኋላ በኩል አየችው። «ጨርቁ አይደለም» አለች፣ ድምፅዋ ተለውጦ። «ና እየው።»

የየኔሰው ጭንቅላት ከኋላ በቀኝ በኩል ጠፍጣፋ ሆኗል፤ የቀኝ ጆሮውም ከግራው ወደ ፊት ገፋ ብሏል። ሲጠብቁት ኖረው ያገኙት ልጅ! አስናቀው መደቡ ላይ ተቀመጠ። «ሱሪ ቢጠብ ተርትሬ አሰፋዋለሁ። ይሄን በምን አባቴ ላስተካክለው?»

የአስናቀው እናት እማማ ይርጋነሽ ግን አልደነገጡም። «ቅቤ አምጡልኝ። ጠዋት ማታ ጫን ጫን አድርጌ አሸዋለሁ፣ ከዚያ በመቀነት ጥፍር ማድረግ ነው።»

«ኧረ እማማ፣ ልጄ ሊጥ ነው እንዴ?» አለች ወይንእሸት፣ ልጇን እቅፍ አድርጋ።

ደምለው ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ አንድ የፈረንጅ ሕፃን ሄልሜት አድርጎ ሲስቅ አሳያቸው። «ይኸውላችሁ! ለጭንቅላት ማስተካከያ ነው።»

«ሞተር ሳይነዳ?» አሉ እማማ ይርጋነሽ።

አስናቀው ፎቶውን በዓይኑ ለካው። በማግስቱ ከስፖንጅና ከቆዳ ሄልሜት ሰፋ፤ ስፌቱ ሲያምር! ልጁ ግን ገና ሲያደርጉለት ሱቁን በጩኸት ሞላው። ሲያወልቁለት ግንባሩ ላይ ቀይ መስመር ወጥቷል። ወይንእሸት ልጁንም ሄልሜቱንም ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ፣ አስናቀው ከኋላ ከኋላዋ።

ነርሷ ሲስተር ስርጉት የልጁን አንገት ወዲያና ወዲህ አዞረች፣ እርግብግቢቱን ዳሰሰች፣ ጭንቅላቱን ዙሪያውን በጣቷ ፈተሸች። «አንገቱም አጥንቱም ደህና ነው» አለች። ከዚያ ሄልሜቱን አገላብጣ አየችው።

«ጋሽ አስናቀው፣ እጅዎን ይባርከው። ግን እንዳይደግሙት። ዋናውን ሄልሜት ባለሙያ ነው የልጁን ጭንቅላት ለክቶ የሚሠራው፤ ጭንቅላቱ እንዲያድግበት በጎደለው በኩል ቦታ ይተውለታል። የእርስዎ ግን ዙሪያውን ጥርቅም ያለ ነው። ደግሞ ለዚህ ልጅ ገና ሄልሜት አያሻውም። ለመሆኑ ሲተኛ ወዴት ነው የሚያየው?»

ባልና ሚስት ተያዩ። «ወደ መኪናው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሌላ ምን የሚያየው አለ?» አለ አስናቀው።

«በቃ፣ እሱ ነዋ! ለእንቅልፍ በጀርባው ይተኛ፣ ፊቱ ግን ወደ ግራም ይዙር። ሲነቃ እያያችሁት በሆዱ አስተኙት፤ እቀፉት፣ እዘሉት። ማሸትና ማሰር የለም፤ ለእማማም ንገሩልኝ።»

አስናቀው ሱቁ እንደገባ ኮቱን አወለቀ። ከደምለው ጋር ያንን ከባድ መኪና እየጎተቱ፣ ጠረጴዛውን እየገፉ፣ በቀኝ የነበረውን ሁሉ ወደ ግራ አዞሩት። ወይንእሸት ልጇን ታቅፋ ታያለች።

«ጨረሳችሁ?»

«ጨረስን!» አሉ እያለከለኩ።

«ልጁን ራስጌውን በግርጌ አዙሮ ማስተኛት አይቀልም ነበር?»

ደምለው መሬቱ ላይ ዘጭ አለ። መኪናውን ወደ ቦታው የመለሱት ሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው ጉልበት ነው።

ከዚያ ወዲህ የልጁ ራስጌ በየቀኑ ይቀያየር ጀመር። በሆዱ ሲያስተኙት ይነጫነጫል፤ አስናቀው ፔዳሉን ትቶ መደቡ ሥር ተንበርክኮ እንደ በግ ይጮህለታል፣ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። ማሸት የተከለከሉት እማማ ይርጋነሽ ደግሞ ማዘሉን ለማንም አልለቅም አሉ።

የኔሰው ቁጭ ማለት ሲጀምር ሁሉም ተሰብስበው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሲስተር ስርጉት ዳሰሰችው። «በጣም ተመልሷል። ትንሽ ቀርታለች፣ እሷንም ፀጉሩ ይሸፍናታል።»

«ትንሽ ስንት ነው?» አለ አስናቀው። «ስንት ጣት?»

ይሄኔ እማማ ይርጋነሽ የልጃቸውን ማጅራት ይዘው ጎንበስ አደረጉት። «ሲስተር፣ እስቲ ይሄንን ዳስሽልኝ።»

ስርጉት ዳሰሰችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የአባትየው ጭንቅላት ከኋላ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው።

«አየሽ፣ ይሄን ያዞረው ሰው አልነበረም» አሉ እማማ። ወደ ምራታቸው ዞሩና፣ «ይሄን እያየሽ ነው ያገባሽው፣ አይደል?»

«እኔማ ያየሁት ከፊት ለፊት ነው!» አለች ወይንእሸት።

አስናቀው ሳቁ እስኪያልፍ እጁን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ ልጁን ተቀብሎ ወጣ፤ ስለቀረችው ትንሽ ሁለተኛ አልጠየቀም።