ዳገት የሌለው ጉብኝት

እናቴ ስለ ሥራዬ ስትጠየቅ «ጣቷን ቀስራ ነው የምትበላው» ትል ነበር። ጎረቤት ይስቃል፣ እኔም እየተናደድኩ አብሬ እስቃለሁ። ውሸት ቢሆን ኖሮ ባልተናደድኩ።

በደርግ ጊዜ የመንግሥት አስጎብኚ ነበርኩ። ከየካ በላይ ጋራው ላይ ያለውን አሮጌ የሚካኤል ደብር ለውጭ እንግዶች አሳያለሁ። ክቡ ቤተ ክርስቲያን፣ ደወል ቤቱ፣ ዕቃ ቤቱ፣ ከግቢው ወረድ ብሎ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ፣ ይህ ሁሉ የኔ ድርሻ ነው። እንግዶቹ በብዛት ከሶቭየትና ከወዳጆቿ አገሮች የሚመጡ አማካሪዎች፣ የአማካሪ ሚስቶችና ጡረታ የወጡ የማኅበር መሪዎች ነበሩ። ደጎች ናቸው፤ ጉልበታቸው ግን ለኛ አገር ጋራ አልተሠራም። ከሥር ተነስተው በእግር ሲወጡ ገና ባሕር ዛፉ መሐል ሳይደርሱ ፊታቸው በርበሬ ይመስላል።

አንድ ቀን አንድ ትልቅ እንግዳ ዳገቱ ወገብ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና አልነሳም አሉ። አስተርጓሚው «ልባቸው...» ብሎ ዝም ሲል፣ የቀረውን እኔ በሐሳቤ ጨርሼ እርዳታ ፍለጋ ቁልቁል ሮጥኩ። ደግነቱ ልባቸው አልነበረም፤ ጠዋት የበሉት ቋንጣ ፍርፍር ነው። ያም ሆኖ በማግስቱ አለቃዬ ጠሩኝና «ከዛሬ ጀምሮ ዳገት የሌለው ጉብኝት አዘጋጂ» አሉኝ። ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን የሚባልበት ዘመን ስለነበር፣ ጋራውን ራሱን ዝቅ አድርጊው አለማለታቸውንም እንደ ደግነት ቆጠርኩላቸው።

አዘጋጀሁ። ከኋላ በጫካው በኩል የደን መኪና የሚሄድበት ጥርጊያ መንገድ አለ። የመሥሪያ ቤቱ ቮልስ ሚኒባስ በዚያ ዞሮ እንግዶቹን እግቢው በር አፍንጫ ላይ ያወርዳቸዋል። ከዚያ ወዲያ መውጣት የለም፣ መውረድ የለም። ትልቁ ጥድ ሥር አግዳሚ ላይ አስቀምጣቸውና «በስተቀኝ ደወል ቤቱ፣ ከሱ ጀርባ ዕቃ ቤቱ፣ ወደ ታች ዋሻው» እያልኩ በጣቴ አስጎበኛለሁ። ተአምር የሚባል ቃል እንዳላነሳ በጥብቅ ስለተነገረኝ ዋሻውን «የሰፊው ሕዝብ ጥበብ» እለዋለሁ። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። ነገሩ እንዲህ ለምዶብኝ ሳለ አንዲት እንግዳ «ዋሻው ውስጥ ይበርዳል ወይ?» ብላ ብትጠይቀኝ መልሱ ጠፋኝ። ለካ እኔም ከገባሁበት ቆይቻለሁ።

እናቴ ይህን ሁሉ ስነግራት ጉንጯን ይዛ አዳመጠችኝና «ደጅ መሳምም እኮ መሳለም ነው፤ እናንተ ግን እሷንም ሳትስሙ ቁጭ ብላችሁ ትመለሳላችሁ» አለች።

«አንቺስ ከሄድሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አልኳት።

ምነው ምላሴን በቆረጠው። እናቴ ለዚያ ደብር ያልከፈለችው ስለት ነበረባት።

ታናሽ ወንድሜ ሰሜን ግንባር ዘምቶ ነበር። ወሬው የጠፋ ጊዜ እናቴ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው የግቢያችንን በር፣ ማታ ከመተኛቷ በፊት መጨረሻ የምታየውም ያንኑ በር ሆነ። ነፋስ ቆርቆሮውን ባንኳኳው ቁጥር ብድግ ትላለች። አንድ ጠዋት ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ጋራው አድርጋ፣ «ሚካኤል፣ ልጄን ብትመልስልኝ ጃንጥላ ይዤ ከሥር እስከ ላይ በእግሬ እመጣልሃለሁ» ብላ ተሳለች። አጠገቧ ነበርኩ። ያኔ ጉልበቷ ደህና ነበር፤ ጋራውም ቅርብ ይመስል ነበር።

ወንድሜ ተመለሰ። ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች እዚያው ትቶ ተመለሰ። በሩን በክራንቹ ገፍቶ ሲገባ እናቴ ልብስ እያሰጣች ነበር። የያዘችውን እርጥብ አንሶላ እንኳ ሳትጥል አቀፈችው። ሦስታችንም አንድ አንሶላ ውስጥ ረጥበን አለቀስን። ብዙም ሳይቆይ ቀይ ከፋይ ጃንጥላ፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ገዝታ ራስጌዋ አቆመች።

ግን እሱን ስትጠብቅ ጉልበቷ አለቀ። ሪህ ነው አሏት። ከቤት ሱቅ እንኳ ለመድረስ አጥር እየተደገፈች የምታርፍ ሴት ሆነች። ጃንጥላው ራስጌዋ ቆሞ ከረመ፣ አቧራ እየጠረገችለት። ቀን ቀን ትቀልዳለች፤ ሲመሽ ግን ፍርሃቷ ይነሳባታል። ሰጥቶኝ እኔ ከቀረሁ በልጄ ይጠይቀኛል ትላለች። ስለት አያድርም፣ የተሳለ ሰው የተበደረ ነው፣ ሚካኤል ደግሞ ቶሎ የሚሰጠውን ያህል ቶሎ ይቀበላል። ይህን ከልቧ ታምናለች። ወንድሜ ሲያስለው እንኳ ዓይኗ ወደ ጃንጥላው ነው።

«እማዬ፣ የቀረችኝን እግር እንዳይወስድብሽ ነው?» አላት ወንድሜ አንድ ቀን። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችበት። አንስቶ እያገላበጠ አየውና «አንዱ ይበቃኛል» ብሎ አጠለቀው። ሳትወድ በግዷ ሳቀች።

እኔ ታዲያ ባለሙያ አይደለሁ? ዳገት ማጥፋት ሥራዬ አይደለም እንዴ? መላ መታሁ። «ከመኪናችን ጋር ነይ፣ ጋራው ሥር እናወርድሻለን፣ ከዚያ ደግፌሽ ትወጫለሽ» አልኳት። ሹፌራችን የሰፈራችን ሰው፣ ረጋ ያሉ ሙስሊም አባት ነበሩ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ለሷ ያልነገርኳትን ሐሳቤን አስቀድሜ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«እኛም ጋ ስለት አለ፣ ነዝር እንለዋለን» አሉኝ። «የተሳልሽውን በዘዴ አትወጪውም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ መሪውን ብቻ ይያዙ» አልኳቸው። ያዙ።

እናቴ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ጃንጥላውን በነጠላ ጠቅልላ፣ ሁለት ወፋፍራም እንግዶች መሐል ተቀመጠች። ካራሜላ ሰጧት፤ በቋንቋዋ መረቀቻቸው። መኪናው ከመገናኛ ወደ ሥሩ መታጠፉን ትቶ በኋላው መንገድ ጫካ ውስጥ ሲገባ አላወቀችም፤ በዚያ ሄዳ አታውቅም። ባሕር ዛፉ መስኮቱን እየቧጨረ እግቢው በር ደረስን። ከመኪናው እስከ በሩ ያለው ርቀት የጓሯችንን ያህል ነው። «ደረስን እማዬ፣ ከዚህ በእግርሽ ነው» አልኳት።

ወረደች። በሩን አየች። ዞር ስትል ከተማው ወለል ብሎ ከእግሯ ሥር ተዘርግቷል። ከበሩ ውጭ ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ደጁን እንኳ አልሳመችም።

«ልጄ እግሩን የከፈለበትን» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እኔ በመኪና?»

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ነገሩ ግትርነት ይመስለኝ ነበር። እንግዶቹ ምን ሆነች ብለው ሲጠይቁ አስተርጓሚው ደክሟት ነው አላቸው። አንዷ ከቦርሳዋ የጉልበት ቅባት አውጥታ ሰጠቻት። እናቴ ቅባቱን በምርቃት ተቀበለች፤ በሩን ግን አልተቀበለችም። ጃንጥላው እንደተጠቀለለ ከኛው ጋር ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ እኩርፊያ ሆነ። እናቴ ስታኮርፍ ምግብ ታቀርባለች፣ ቃል ግን አታቀርብም። ገና አልፎ ጥምቀት ሲቃረብ ትንሽ ለቀቅ አለችኝ፤ ለቀቅ ማለቷን ያወቅኩት መውጋት በመጀመሯ ነው።

«ለፈረንጆቹ ዳገቱን አጠፋሽላቸው» አለችኝ ሽሮ እየጨለፈች። «ለኔ ደግሞ ታቦቱን ታወርጅልኛለሽ።»

«ይወርዳል እኮ» አልኳት።

ጭልፋው አየር ላይ ቀረ። ተያየን። በየዓመቱ በከተራ እልል እያልን የምናወርደውን ታቦት ነው።

«ታዲያ የሚያድርበት ሜዳ ላይ አስረክቤ ልገላገል?» አለች በቁጣ። «እስከ ላይ ነው ያልኩት።»

«ሲመለስ አብረሽው ውጪ። እሱ ሲሄድ ሂጂ፣ ሲቆም ቁሚ።»

ያንን ሰልፍ በሥራዬ አውቀዋለሁ። ላይ ሆኜ ከእንግዶች ጋር ስጠብቀው «መቼ ነው የሚደርሰው?» እያሉ ነፍሴን ያወጧት ነበር። ታቦት አይቸኩልም። ጥቂት ይራመዳል፣ ይቆማል። መዘምራኑ ከበሮና ጽናጽል ይዘው ያሸበሽባሉ፣ ሴቶች እልል ይላሉ፣ ደግሞ ጥቂት ይራመዳል። ጤነኛ ጎረምሳ ይሰለቻል። ለታመመ ጉልበት ግን ሐኪም ከዚህ የተሻለ አካሄድ አያዝም።

እናቴ አሰበችበት። «ደግሞ እንዳታታልይኝ» አለች።

«ታቦቱን የምነዳው እኔ አይደለሁም» አልኳት።

የሚካኤል ታቦት እንደሌሎቹ በጥምቀት ዕለት አይመለስም፤ አንድ ቀን ጨምሮ አድሮ ነው። እናቴ «እሱም ዳገቱን ያውቀዋል» አለች። በዚያ ቀን የሚመጡ እንግዶች ነበሩብኝ፤ ጋሼ በኋላው መንገድ ይዘዋቸው ወጡ። ወንድሜም ከነሱ ጋር ሄደ። እሱ አልተሳለም፣ መኪና አላሳፈረውም። እኔ እስክደርስ እንግዶቹን ያዝልኝ አልኩት። ከሶቭየት አሠልጣኞቹ የለቃቀማት ሩስኪ አለችው፣ ሁሏም የመድፍ ናት፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ከፍ አድርግ፣ ዝቅ አድርግ። ለአስጎብኚነት ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

«እማዬ ትችላለች ወይ?» አልኩት ልንለያይ ስንል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ።

ከሥር ጀመርን። እናቴ በአንድ እጇ እኔን፣ በአንድ እጇ የተጠቀለለውን ጃንጥላ ይዛለች፤ ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች። ታቦቱ ሲቆም መንገዱ ዳር ትቀመጣለች። ማንም አላያትም፤ ሁሉም ቆሟል፣ ሁሉም ያርፋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ካኪያቸውን ለብሰው «ለጸጥታ» ከኋላ ይከተላሉ። በቆምን ቁጥር ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ትንቀሳቀሳለች። «እኚህ ደግሞ በኪሳቸው ነው የሚሳለሙት» አለችኝ እናቴ። ቀልዷ ስላልጠፋ ልቤ ረጋ።

ዳገቱ ቀጥ የሚልበት ቦታ ላይ ግን ጉልበቷ እምቢ አላት። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሳለች ታቦቱ ተነሳ። ልትነሳ ሞከረች፣ አልቻለችም። ሕዝቡ እየጎረፈ አለፈን፣ ከበሮው ራቀ። ሊቀመንበሩም አለፉን። ፊቷ ላይ ያኔ በሩን በሩን ስታይ የነበረውን ፊት አየሁት፣ ፈራሁ።

«ሂጂ አንቺ» አለችኝ። «ይዘሽለት ሂጂ።» ጃንጥላውን ዘረጋችልኝ።

«አልሄድም» አልኳት። ከዳገቱ ዘለል ብሎ ከበሮው ቆመ። ከዚያም አልተነሳም። ቆየ። ከላይ የሚመለሱ ሰዎች «ታቦቱ አልሄድም ብሏል» እያሉ ያወሩ ጀመር። ቀሳውስቱ ጸለዩ፣ መዘምራኑ እንደ አዲስ ወረቡ፣ ታቦቱ ንቅንቅ አላለም። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ሰማች። ትከሻዬን ጨበጠች፣ ተነሳች፣ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ፣ ላብና እንባዋ ተደባልቆ እየወረደ እስከ ሰልፉ ጀርባ ደረሰች። ከዚያ ታቦቱ ተነሳ።

ተአምር የሚባል ቃል እንዳላነሳ ታዝዣለሁ፣ አላነሳም። ታቦቱን የተሸከሙት ቄስ ደክሟቸው ይሆናል።

እላይ ስንደርስ እንግዶቹ ጥዱ ሥር አግዳሚው ላይ ተደርድረው ነበር። ወንድሜ ግን ከነሱ ጋር የለም። ጋሼ ወደ በሩ በአገጫቸው አመለከቱኝ። «ከመጣን ጀምሮ እዚያው ነው፤ ተቀመጥ ብለው እምቢ አለኝ» አሉ። ክራንቹን ተደግፎ በሩ መሐል ቆሟል፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ሰው እየተጋፋው ሲያልፍ እሱ አንገቱን እያሰገገ ከኋላ የሚመጣውን ያያል።

እናቴ አየችውና ቆመች። ያን ሁሉ ጊዜ በር በር ስታይለት የኖረችው ልጅ፣ ያን ቀን በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ቆየሽ» አላት።

«አንተስ» አለችው።

ከዚያ ጃንጥላውን በብብቷ ይዛ ጎንበስ አለች፣ ደጁን ሳመች፣ ገባች።