ሽታ ለኪው ባዘዘው

ባዘዘው በቅሎ ጫኝ ነበር። ከኩልመስክ ላሊበላ፣ ከላሊበላ ሙጃ እህልና ጨው ሲያመላልስ ነው ጎልማሳነቱ ያለፈው። ወሬ ይወዳል፤ በየገበያው የሚያዋራው አያጣም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ግን ማታ ቤቱ ሲገባ ከበቅሎዋ በቀር የሚያናግረው አልነበረውም።

የደርግ የመሬት አዋጅ በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ከፋለ የሚባል ወጣት የአፈር ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣና በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ወዳሉት መንደሮች ዕቃውን የሚጭንለት ሰው ፈለገ። ባዘዘው ጭነቱን ቢያየው ባልዲና ብርጭቆ ብቻ ነው። ድግስ ያለ መስሎት ደስ አለው።

መንገድ ላይ ከፋለ ነገሩን አስረዳው። ከፍግና ከከብት ሽንት አሞንያ የሚባል ጋዝ ይተናል፤ ጠዋት ጋጣ ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥለው እሱ ነው። አየሩን ይበክላል፣ ለመሬቱ መድረስ የነበረበትንም ማዳበሪያ ይዞት ይጠፋል። የከፋለ ሥራ በዚያ ደጋ በዓመት ምን ያህሉ እንደሚተን መገመት ነበር። ባዘዘው ሰምቶ ሰምቶ፣ ሰው ከሽታ ሲሸሽ እኔ ሽታ ፍለጋ በቅሎ ጫንሁ ብሎ ሳቀ። ከፋለም አብሮት ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ወዳጆች ሆኑ።

ሥራው ቀላል ነበር። ፍጉ ላይ አሲድ ያለበት ብርጭቆ ያስቀምጡና ባልዲ ይደፉበታል። የሚተነውን ጋዝ አሲዱ ይይዘዋል፤ በማግስቱ ከፋለ ብርጭቆውን ወስዶ ይመረምረዋል። ባዘዘው ባልዲ መድፋቱን ተማረና ሌላ ሰው እንዲነካበት አልፈቅድ አለ። መንደርተኛውም ወዲያው “ሽታ ለኪው” የሚል ስም አወጣለት። ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ሲጠሩት አቤት ይል ነበር።

ችግሩ የመጣው ከከብቱ ቁጥር ነው። የጥቂት ክምሮችን ልክ ይዞ የአገሩን ለመገመት በየቤቱ ስንት ከብት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ገበሬው ደግሞ ከብቴ ይህን ያህል ነው ብሎ አይናገርም። ዛሬ ቢናገር ነገ ግብር ይሁን መዋጮ ምን እንደሚከተለው አያውቅምና፣ ሁሉም አንድ በሬና አንዲት ላም ብቻ አለኝ ይላል።

አዛለችም እንዲሁ አለች። አዛለች ባሏ የሞተባት፣ እርሻዋን በራሷ የምታሳርስ፣ ለማንም የማትመለስ ሴት ናት። ከጓሮዋ ያለው የፍግ ክምር ግን ከአጥሩ በላይ ይታያል። ባዘዘው ክምሩን አየ፣ እሷን አየ።

“ይህን ሁሉ አንዲት ላም?”

“ሆደ ሰፊ ናት” አለች አዛለች፣ ፊቷ ሳይፈታ።

ባዘዘው ሳቁን ዋጠና ባልዲውን ደፍቶ ሄደ። ለከፋለ ግን እውነቱን ነገረው፦ ሰዉ የሚለውን ከጻፍን ግምታችን ውሸት ይሆናል፤ የምናየውን ከጻፍን ደግሞ ሰው እናስበላለን። ከፋለም ከብት መጠየቁን ትተው የየቤቱን ክምር ብቻ እንዲለኩ፣ የባለቤቱንም ስም እንዳይጽፉ ወሰነ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ፈንታው ይህን ሲሰማ ባዘዘውን አስጠራው። በየጓሮው ስትዞር ከርመሃልና የማን ከብት ስንት እንደሆነ ንገረኝ አለው። ባዘዘው ማኅበሩ ለበቅሎዋ ግጦሽ ሊከለክለው እንደሚችል ያውቃል። ቢሆንም ራሱን አረጋግቶ፦

“ጌታው፣ እኔ የማውቀው የሸተተኝን ነው” አለ። “ሽታ ደግሞ ቁጥር የለውም።”

በዙሪያው የነበሩት ሽማግሌዎች ሳቁ። ፈንታውም ሳይወድ ፈገግ አለና አሰናበተው።

ወሬው ከባዘዘው ቀድሞ አዛለች ቤት ደረሰ። በማግስቱ ክምሯን ሊለካ ሲመጣ ከቤቷ ምድር ቤት ያለውን የከብቶቿን ጋጣ ከፈተችና “ግባ” አለችው። ጎንበስ ብሎ ገባ። ጥንድ በሬዎች፣ ሦስት ላሞች፣ ጥጆች። ማንም ያላየውን እሱ እንዲያየው መፍቀዷ ገባው። ዓይኑም እንባ ሞላ።

“ታለቅሳለህ እንዴ?” አለችው።

“አሞንያው ነው።”

አዛለች ከት ብላ ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ የሰማት አልነበረም።

ከፋለ ሥራውን ጨርሶ ከመሄዱ በፊት የደረሰበትን ለመንደሩ ነገረ። ከሁሉ የበለጠ የሚተነው ፀሐይና ነፋስ ላይ ከተተወ ክምር ስለሆነ፣ አፈርና ገለባ አልብሱት አለ። ብዙው ሰው ለፍግ ደግሞ ልብስ ብሎ ቀለደ። አዛለች አለበሰችው። ለክረምቱ እርሻ በተነችውና በጓሮዋ ያለው ገብስ በመስከረም ከጎረቤቶቿ ሁሉ ልቆ ታየ። ፈንታው ራሱ መጥቶ አሠራሩን ጠየቀ፤ እሷም ደጅ ላይ ቆማ አስረዳችው።

በተከታዩ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ባዘዘውና አዛለች ተጋቡ። በቅሎዋም ከላሞቹ አጠገብ ገባች። ባዘዘው በቅሎ መጫኑን አልተወም፤ በየገበያው ጭነቱን እያራገፈ ፍጋችሁን አልብሱ ይላል። የሚሰማው ይሰማዋል፤ የማይሰማውም ወሬው ስለሚጥመው አጠገቡ ቁጭ ይላል።